በርሜል ውስጥ የተንሳፈፈው ቅቤዬ

የእኔን ቅቤ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ያየሁት በክሊኒኩ አጥር ቀዳዳ አጮልቄ ነው። ቅቤው ባሌ ሆድ ውስጥ ነበር፤ ባሌ ደግሞ በርሜል ውስጥ። ከመጀመሪያው ካላወራሁት እብድ ናት እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከአረካ ተድሬ ሶዶ የገባሁት በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ያኔ በእኛ በወላይታ ሙሽራ ለወራት ከጓዳ አትወጣም። ውሃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም፣ እንሰት አትፍቅም። ሥራዋ መብላት ነው። ሙቿ፣ የቆጮ ፍትፍት፣ በቅቤ ተለውሶ ይቀርብላታል፣ ወተት ይቀርብላታል፣ ጠገብኩ ብትል የሚሰማት የለም። ከዚያ ቀን ይቆረጥና ተውባ ገበያ ትወጣለች። የምትወጣው ልትገዛ ወይ ልትሸጥ አይደለም፤ ልትታይ ነው። ሴቶች ከብበው ክንዷን ቆንጠጥ እያደረጉ ያዩታል። ክንዷ ሞልቶ ቆዳዋ ካብረቀረቀ «ሰው ቤት ገብታለች» ይባላል፣ እናቷም ቀና ብላ ትሄዳለች። ክንዷ ከሳሳ ግን እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ነው የምትመለሰው።

የእኔ እናት ለከተማ ሰው መዳሬን አልወደደችውም ነበር። የከተማ ሰው ልብስ አለው እንጂ ላም የለውም ትል ነበር። አባቴ ስለፈለገ ዝም አለች። ስትሸኘኝ ግን ክንዴን ጨበጠችና «ገበያ በምትወጪበት ቀን መጥቼ ይኼን አየዋለሁ። ከዚህ ከቀነሰ እዚያው ገበያ መሀል ይዤሽ ወደ አረካ እመለሳለሁ» አለችኝ። እናቴ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። እኔ ደግሞ መመለስ አልፈልግም ነበር፤ ባሌን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወድጄው ነበር።

ባሌ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ብስክሌት ይዞ እስከ ገሱባ ድረስ ደብዳቤ ያደርሳል። ያን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ድንጋይ ብቻ ነው። ጠዋት የወጣ ሰው በበቅሎ ማታ ላይደርስ በሚችልበት መንገድ እሱ ደርሶ ይመለስ ነበር። ቀጭን ነው፣ እግሩ ረጅም ነው፣ ጥርሱ ያምራል። እናቱን ይፈራል። ይኼን ጠባዩን ከሠርጉ በፊት የነገረኝ አልነበረም።

ከእኛ ቤት አጥር ለአጥር የሚዋሰን አንድ ነጋዴ ነበር፤ ቤተሰቡ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ የከበረ። የነጋዴው ልጅም ብስክሌት አለው፤ ጨውና ስኳር ጭኖ አረካ ገበያ ይመላለሳል። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይሽቀዳደማሉ፣ ዳገት ላይ ሁልጊዜ የሚቀድመው ባሌ ነው። ይኼን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የነጋዴው ልጅም እኔ በገባሁበት ወር ከጉኑኖ አገባ። እንግዲህ ሁለት ሙሽራ አጥር ለአጥር ተቀመጥን።

የሁለታችንም ጓሮ ከኋላ ወደ ክሊኒኩ ግቢ ይደርሳል። እንሰቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሰው አያየንም። አማቶቻችን ወደ ገበያ ሲሄዱ እኛ እንሰቱ ውስጥ ገብተን በአጥሩ ሳንቃ መሀል እናወራለን። መጀመሪያ ላይ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የእኔ ክንድ ከእሷ ይበልጥ ነበር። ይኼን እሷም አትክደውም። «አንቺ እኮ ወፈርሽ» ትለኛለች፣ እኔም ኧረ ምኔ ወፈረ እያልኩ ክንዴን እንድታየው ወደ ሳንቃው አስጠጋለሁ።

ከዚያ ያ ሐኪም መጣ።

ክሊኒኩ ውስጥ ፈረንጅ ሐኪም ድሮም ነበረ፤ ይኼ ግን አዲስ ነው። በአገሩ ብስክሌት ይጋልብ ነበር አሉ። የብስክሌተኞችን ጉልበትና ሥጋ የሚለካበት ዕቃ በሣጥን ጭኖ መጥቷል። አዲስ አበባ ትልቅ የብስክሌት ውድድር ስለነበረ ከሶዶ አንድ ሰው እንዲላክ ታዘዘ፣ አንዱን የሚመርጠው ደግሞ ይኼ ሐኪም ሆነ። እሑድ ከጸሎት በኋላ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ተናገረ። ሐኪሙ ይመዝናቸዋል፣ ትንፋሻቸውን ያያል፣ ሥጋቸውንም ቆንጥጦ ያያል አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አማቴ ይኼን ሰምተው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። አማቴን ልንገራችሁ። በሬ በማደለብ የሚታወቁ ሴት ናቸው። አንድ ከሲታ በሬ ቤት ውስጥ አስረው፣ ስኳር ድንችና የእንሰት ሥር እየቀቀሉ አብልተው፣ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ሲያወጡት በበሩ አልወጣ የሚል ሰንጋ ያደርጉታል። ገዢ ሲመጣ ሻኛውንና ታፋውን ቆንጥጦ ነው የሚያየው። እንግዲህ ቆንጥጦ ያያል የሚል ወሬ እንደዚህ ካለች ሴት ጆሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን ገምቱት።

«ቆንጥጦ የሚያይ ሰው ምን እንደሚፈልግ እኔ ነኝ የማላውቀው?» አሉ። «የዚያ ነጋዴ ልጅ እንደ ሸንበቆ ነው። የኔ ልጅም ሸንበቆ ነው። መጀመሪያ የሞላው ይሄዳል።»

እና ቅቤዬ ዞረ። አንዲት ላም ብቻ ነበረችን፤ የእሷ ወተት የሚሰጠው ቅቤ ለሁለት ሰው አይበቃም። እስከዚያ ድረስ ወደ እኔ ይመጣ የነበረው ሣህን በፊቴ አልፎ ወደ ባሌ ሄደ። ሙቿው ለእሱ፣ ወተቱ ለእሱ፣ ገበያ የተገዛው ጥሬ ሥጋ ለእሱ። ለእኔ ደረቅ ቆጮ በጎመን፣ ከጎኑ ዳጣ፣ የተፈጨ ቃሪያ። ዳጣ ይገርማችኋል፣ ቅቤ ሳይኖር ዳጣ ብቻውን አንጀት ያቃጥላል።

«አንቺ ጊዜ አለሽ» አሉኝ አማቴ። «እሱ ከተመረጠ ክብሩ ላንቺም ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አንገቴን ደፍቼ እሺ እማማ አልኩ። ምራት ሌላ ምን ትላለች?

በዚህም አላበቃም። የሚደልብ በሬ ይታሰራል፤ ከሄደ ሥጋው ይቀልጣል። ስለዚህ አማቴ ጽሕፈት ቤት ሄደው፣ ልጄ ለአገር ክብር እየተዘጋጀ ነው ብለው ፈቃድ አስወጡለት። ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። በየቀኑ ገሱባ ደርሶ ይመለስ የነበረ ሰው ቁርበት ላይ ተጋድሞ መዋል ጀመረ። «እማማ፣ እግሬን ላፍታታ» ሲል «ተኛ!» ይሉታል። ይተኛል።

አንድ ቀን አማቴ ወደ ጓሮ ወጣ ሲሉ፣ ባሌ ከሣህኑ አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ፣ ቅቤው በጣቶቹ መሀል እየተንጠባጠበ ወደ እኔ ዘረጋ። አፌን ከፈትኩ። አማቴ ተመለሱ። ምን ያደርጋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ጉርሻውን ወደ ራሱ አፍ መለሰው፣ ሳያኝክ ዋጠው። አፌ ተከፍቶ ቀረ። አማቴ አዩኝና «እንቅልፍሽ መጣ?» አሉኝ።

እርር ድብን አልኩ። ያን ቀን ባሌን ጠላሁት። አፉ ሲንቀሳቀስ ባየሁ ቁጥር ጉንጩን የእኔ ቅቤ ሲሞላው ይታየኝ ነበር። ሰው በገዛ ባሉ ሆድ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ።

የከፋው ግን ጓሮው ነው። የጉኑኖዋ ሙሽራ በየቀኑ ትሞላለች። አማቷ ቅቤ ለወንድ ብላሽ ነው የሚሉ ሴት ናቸው፤ የሙሽራ ድርሻ የሙሽራ ነው፣ ሐኪም መጣ ንጉሥ መጣ አይነካም። ባሏ ሐኪሙ መጣ አልመጣ ሳይል እንደ ድሮው ቆሎ ቆርጥሞ፣ ጨው ጭኖ አረካ ይሄዳል፣ ባዶ ሆዱን ይመለሳል። እሷ ግን፣ አቤት! ክንዷ ላይ ቀለበት የመሰለ እጥፋት አወጣች። በሳንቃው ቀዳዳ ክንዷን አውጥታ «እስቲ ንኪው» አለችኝ።

ነካሁት። ጣቴ ገባ። ልነክሰው ነበር የፈለግሁት።

«አንቺስ?» አለች።

«እኔ በኋላ ነው የምሞላው። የእኛ ቤት ወግ እንደዚያ ነው» አልኳት። እንደዚያ የሚል ወግ የትም የለም፣ እሷም ታውቃለች፤ ግን ጨዋ ስለሆነች ዝም አለች። ጨዋነቷ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ብትስቅብኝ ይሻል ነበር።

አንድ መጽናኛ ብቻ ነበረኝ። የእሷ ባል ከሲታ ነው፤ ሐኪሙ ሲቆነጥጠው የሚይዘው ነገር አያገኝም። ክንዱን አንቺ ውሰጂ፣ አዲስ አበባውን እኛ እንወስዳለን እል ነበር በሆዴ። የሚመረጠው ባሌ ከሆነ እናቴም ትንሽ ታስብ ይሆናል፣ ስሙ የተጠራ ሰው ሚስትን ከገበያ መሀል ጎትቶ መውሰድ ይከብዳታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አማቴ እንደ በሬ ያዩትን እኔም እንደ ገበያ ሙሽራ አየሁት። ለነገሩ ወፍራም ይሻላል ከሚባል ሌላ ማንም ምን አስተምሮን ነው?

የመለኪያው ቀን ክሊኒኩ ግቢ ሰው ሞላ። አማቴ ነጭ ለብሰው ፊት ቆሙ። እኛ ሁለት ሙሽሮች በየጓሯችን እንሰት ውስጥ ሆነን በክሊኒኩ አጥር ቀዳዳ ማየት ጀመርን። የምናወራው በሹክሹክታ ነው።

ሁለቱን ቁምጣ አስለብሰው አወጧቸው። ሰው ሁሉ ባሌን ሲያይ አጉረመረመ። ሆዱ ወደ ፊት ወጥቷል፣ ጡቱ እንደ እኔ ሆኗል፤ ኧረ የእኔ ከእሱ ያንሳል። አማቴ ዞር ዞር ብለው ሰውን አዩ፣ ሰንጋቸውን ገበያ ያወጡ ይመስል። ሐኪሙ መቆንጠጫ ብረት አወጣ። የጀርባ ቆዳ ያዘ፣ የሆድ ቆዳ ያዘ፣ የክንድ ቆዳ ያዘ፣ በያንዳንዱ ብረቱ የሚለውን ለረዳቱ ለድሬሰሩ ይነግረዋል። የነጋዴውን ልጅ ሲቆነጥጠው ብረቱ ሊዘጋ ደረሰ። ባሌ ጋ ሲደርስ ብረቱ አፉን ከፈተ። አማቴ እልል አሉ። ሁለት ሴቶች ተከተሏቸው።

እኔም በመሀላችን ባለው አጥር በኩል «አየሽ?» አልኳት ጎረቤቴን። በአፌ አሞካሸሁት እንጂ ሆዴ ግን፣ የእኔ ነው ያ፣ ያ የሆዱ እጥፋት የኔ ክንድ ነበር ይላል።

ቀጥሎ ብስክሌት ላይ ወጡ። ይኼኛው የማይሄድ ብስክሌት ነው፤ እንጨት ላይ ታስሯል፣ ጎማው ላይ ቀበቶ ተጠምጥሞ ክብደት ተንጠልጥሎበታል። አፋቸው ላይ ቱቦ ገጠመላቸውና ትንፋሻቸው ትልቅ የሸራ ከረጢት ውስጥ እንዲገባ አደረገ። የነጋዴው ልጅ ረገጠ፣ ሐኪሙ ክብደት ጨመረ፣ ረገጠ፣ ጨመረ፣ ረገጠ። ባሌ ወጣ። ገና ከመጀመሩ ላብ በጀርባው ይወርድ ጀመር። ክብደት ሲጨመርበት ዓይኑ ፈጠጠ። ገሱባ ደርሶ የሚመለሰው ሰውዬ፣ ዳገት የማይበግረው ሰውዬ፣ እዚያው ቆሞ በማይሄድ ብስክሌት ላይ አለቀ። ቱቦውን ከአፉ አውጥቶ ተንጠለጠለ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ ጎረቤቴ።

«አሞታል» አልኳት።

በመጨረሻ በርሜሉ ቀረ። ሁለት በርሜል ቀጥለው በይደው ውሃ ሞልተውታል። ከላይ በባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ የቡና ሚዛን ተሰቅሏል፣ ሚዛኑ ላይ ወንበር ተንጠልጥሏል። ሰውየው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ትንፋሹን ሁሉ ያወጣል፣ እስከ አናቱ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ሐኪሙ ውሃ ውስጥ የሚመዝነውን ያነባል። ባሌ ቀስ ብሎ ሲገባ፣ ሐኪሙም እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ወደ ታች ሲጫነው፣ አማቴ መዝሙር ጀመሩ። የጥምቀት መዝሙር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንዝ ወርደን እንዲህ ነው የምናጠምቀው፤ ነጭ ሰው፣ ውሃ፣ አናት ላይ እጅ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሰዉ ተቀበላቸው። ግቢው በመዝሙር ተናወጠ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ግን እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ ፊት መጡ።

«ይኼ ልጅ ተጠምቋል! እኔው ነኝ ያጠመቅሁት! ጥምቀት አንድ ነው!»

ድሬሰሩ እየሳቀ «አባባ፣ ሥጋውን እየመዘንን እኮ ነው» ቢላቸው «ነፍስ ነው እንጂ ሥጋ ተጠምቆ አያውቅም» ብለው ይበልጥ ተቆጡ። አለመሳቅ አልቻልኩም፤ ጎረቤቴም አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ለአንድ አፍታ ቅናቴን ረሳሁት።

ለአንድ አፍታ ብቻ። ባሌ አልሰምጥ አለ። ወንበሩን ይዞ ወደ ላይ ይመጣል። ሐኪሙ ይጫነዋል፣ ይመጣል። ትንፋሽህን አውጣ ይለዋል፣ ያወጣል፣ ይመጣል። የነጋዴው ልጅ ግን እንደ ድንጋይ ቁጭ ብሎ እታች ቀረ። መዝሙሩ ቀስ በቀስ ቆመ። ድሬሰሩ ሐኪሙ ያለውን በወላይትኛም በአማርኛም ጮክ ብሎ ተናገረ፦ ጡንቻ ይሰምጣል፣ ስብ ይንሳፈፋል፤ ከብስክሌተኛ የሚፈለገው ጡንቻ ብቻ ነው፣ ስብ ዳገት ላይ የሚሸከመው ጭነት ነው፤ ስለዚህ የሚሄደው የነጋዴው ልጅ ነው።

ቅቤ እንደሚንሳፈፍ የማታውቅ ሴት ወላይታ ውስጥ የለችም። ግቢው ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞራ አማቴን አየች። ከዚያ ወደ ቤታችን አየች፣ እኔ ተደብቄያለሁ ወደሚባልበት ጓዳ። ቅቤው የማን እንደነበር ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ዓይኔ እንባ ሞላ። ያንን ሰውዬ ከበርሜሉ አውጥቼ እዚያው ብንጠው ደስ ባለኝ።

በአጥሩ ማዶ ለጎረቤቴ ሁሉም ሞላላት። ባሏ ተመርጧል፣ ክንዷ ሞልቷል። እኔ ክንዱንም ባሉንም አጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለአንዷ ሲሰጥ ለሌላዋ ምን ይቀራል? ያን ቀን ማዶ ሆና ስትተነፍስ እንኳ ትንፋሿ ጠገበ ጠገበ ይለኝ ነበር። ተነስቼ ወደ ቤት ገባሁ።

አማቴ ከክሊኒኩ ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ሐኪሙ ከብት አያውቅም» አሉ።

የገበያ መውጫዬ ቀን ለቅዳሜ ቀድሞ ተቆርጧል፣ ለአረካ ዘመዶቼም ተነግሯል፤ ጎረቤቴም በዚያው ቅዳሜ ነው የምትወጣው። የቀረን ጥቂት ቀን ነው። አማቴ ያን ጊዜ ደንግጠው ቅቤውን ሁሉ በእኔ ላይ አዞሩት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንደሚባለው፣ እኔም ያገኘሁትን ሁሉ በላሁ፤ ሆዴ ግን ደረቅ ቆጮ ለምዶ ስለነበር አልያዘልኝም። ይልቁንም ይበልጥ ከሳሁ። ቅዳሜ ጠዋት አማቴ የተረፈውን ቅቤ ክንዴ ላይ ቀቡት፣ ቢያንስ ይብረቅረቅ ብለው። ባሌ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

ገበያ ወጣን። በእኛ ሰፈር ወግ ወንድ ከሙሽራ ጎን አይሄድም፤ ወንዶቹ ገበያው ዳር ዛፉ ሥር ይቆያሉ፣ ሙሽራዋን ሴቶች ናቸው የሚያጅቧት። ከፊቴ ጎረቤቴ ትሄዳለች። ሴቱ ሁሉ ክንዷን እየያዘ ይደነቃል። እሷ አንገቷን ደፍታለች፣ ግን ክንዷን አልደበቀችም፤ ማን ይደብቃል? እኔ ጋ ሲደርሱ ክንዴን ይይዛሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ዝም ብለው ይለቁታል። አንዷ «ቀባ ቀባ አድርገዋታል» ስትል ሰማሁ።

እናቴ ሰዉን ሰንጥቃ መጣች። ክንዴን ያዘች። ቆነጠጠች። ጣቷና ጣቷ ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ፊቴን አላየችም።

«ልብስሽን የሚያመጣልሽ ሰው እልካለሁ። ነይ» አለችና ጎተተችኝ።

አማቴ ዘለው መሀል ገቡ። «እህቴ፣ ታማ ነው! አሟት ከረመ፤ ምግብ አልረጋላት አለ፣ እኛማ ምን ጎደለብን!» አሉ። ታማ የሚለው ቃል ለሙሽራ ከክሳት ይብሳል። ታማሚ ሚስት አገባ ይባላል፣ ማህፀኗም ይጠረጠራል። እናቴ ደነገጠች፣ እኔን አየችኝ። አፌን ከፍቼ አማቴን ውሸታም ልላቸው አልችልም። እዚያ ቆምኩ፤ አንድ ክንዴን እናቴ ይዛዋለች።

ባሌ ከዛፉ ሥር ተነስቶ መጣ። ወንዶቹ ከኋላው ሲያፏጩበት ይሰማል። መጥቶ እናቴ ፊት ቆመ፣ እናቱንም አላየም።

«እማማ፣ ልጅዎ አልታመመችም» አለ። «ቅቤዋን የበላሁት እኔ ነኝ። እሷ ደረቅ ቆጮ እየበላች እኔ በላሁት። ይኼው ይዩኝ።» ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ሆዱን አሳየ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። እሱ ጆሮው ድረስ ቀልቷል፣ ግን አልሄደም። «እወስዳታለሁ ካሉ መብትዎ ነው። ጊፋታ ድረስ ከተዉልኝ ግን መጥተው ክንዷን ይዩልኝ። የሚያበላት እኔ ነኝ፣ በእጄ» አለ።

እናቴ ሆዱን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። «አንተስ በደንብ ተቀልበሃል» አለች። ከዚያ ክንዴን ለቀቀችው። «ጊፋታ ድረስ» አለችና ነጠላዬን አስተካክላልኝ ወደ አረካ ሴቶች ተመለሰች።

ባሌ ወደ ዛፉ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሰም። ከአጃቢዎቼ ከአንዷ እጅ የተያዘልኝን ጃንጥላ ተቀብሎ እኔ ላይ ያዘና ከጎኔ መሄድ ጀመረ። ወንዶቹ «ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?» እያሉ ይጮኹበታል። እሱ ጸሐዩ እንዳይነካኝ ጃንጥላውን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል።

ሴቶቹ ገለል ሲሉ ጎረቤቴ አጠገቤ ደረሰች። ባሏ በሐሙሱ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል፤ ብስክሌቱን ጣሪያ ላይ እያሰረ፣ ከእናቱ እየተሰናበተ፣ ከጓደኞቹ እየተሳሳቀ። እሷን ሊሰናበት ወደ ጓዳ ግን ጎራ አላለም። ይኼን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ ያየሁት ዓይኗን ነው፤ ከባሌ እጅና ከጃንጥላው አልነቀል ብሏል። ያ ዓይን አልጠፋኝም፣ በአጥሩ ቀዳዳ ስንት ቀን እኔ በእሷ ላይ ያደረግሁት ዓይን ነው።

«ከጎኗ ሂድ ብሎ ማን አዘዘው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ማንም» አልኳት።

ያን ሙሉ ክንዷን ቀስ ብላ በነጠላዋ ሸፈነችው። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ።